በሁሉም ቤት የተሸነፉት አያ ዋሴ

የአያ ዋሴን ሞት ያረዳኝ ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ የመጣ ሹፌር ነው። አዘዞ ላይ ጎማ ሊያስነፋ ቆሞ አገኘሁትና እንደ ልማዴ የቆላውን ሰው በየስሙ እየጠራሁ ደኅንነቱን ስጠይቀው፣ አያ ዋሴ ላይ ስደርስ ኮፍያውን አወለቀ። «አልሰማሽም እንዴ? ወር ሊሞላቸው ነው» አለኝ። ወባ አልገደላቸውም፣ ጥይትም አልገደላቸውም፤ መተማ ላይ ሰው የሚሞትባቸውን ነገሮች ሁሉ አልፈው በእርጅና፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ነው ያረፉት። እዚያው ጎማው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሹፌሩ ግራ ገብቶት «አባትሽ ናቸው?» አለኝ። አባቴ አይደሉም፣ ዘመዴም አይደሉም። እሳቸው ጆንያ ተሸካሚ፣ እኔ ጆንያ ሰፊ ነበርን። ድብድብ የምማርበትን ቤት የመረጡልኝ ሰው ናቸው ብዬ ብነግረው ደግሞ አብዳለች ይለኛል።

ያወቅኳቸው በደርግ ጊዜ ነው። አባታችን ሲሞት እኔና ታላቅ ወንድሜ ከጭልጋ ወደ መተማ ወርደን፣ እሱ በእርሻ እኔ በመጋዘን ተቀጥረን እንኖር ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበርን፤ ሰሊጡ ተበጥሮ ሲያልቅ የጆንያውን አፍ በትልቅ መርፌ እንሰፋለን። የሰፋነውን አያ ዋሴና ጓደኞቻቸው እየተሸከሙ መኪና ላይ ይጭናሉ። አያ ዋሴ የጫኞቹ አለቃ ነበሩ። አጭር ናቸው፤ አንገታቸው ከራሳቸው ይወፍራል። አናታቸው ላይ ክብ መላጣ አለ፤ እሳቸው «ጆንያ ነው የበላው» ሲሉ ባለቤታቸው እትየ ብርቄ ደግሞ «ውሸቱን ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበሩ» ይላሉ። ሰው ሰላም ሲሉ ፊቱን ከማየታቸው በፊት እግሩን ያያሉ። መጀመሪያ ሰሞን ጫማዬ ስለተቀደደ የሚያዩኝ መስሎኝ አፍር ነበር። በኋላ ሳውቅ የሚያዩት አቋቋሜን ኖሯል። ሰው ክብደቱን የትኛው እግሩ ላይ እንደሚጥል ካየሁ ጠባዩን አውቃለሁ ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ይሁን ቀልዳቸውን እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ሰሊጥ ሲደርስ መተማ በሰው ትጥለቀለቃለች። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ ከሚመጣው የቀን ሠራተኛ መካከል ድብድብ መማር የሚፈልግ ብዙ ነበር። አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ የሚጠብቀውን ሽፍታ ፈርቶ፣ አንዱ ካምፕ ውስጥ ጉልበተኛ አስቸግሮት፣ አንዱም ሱዳን ተሻግሮ ገዳሪፍ ሲኒማ የገባ ሰው ያወራለትን ሰምቶ እንዲያው ልቡ ተነሣስቶ። አስተማሪ ደግሞ አልጠፋም። ቅኔ የዋድላ ቤት፣ የጎንጅ ቤት፣ የዋሸራ ቤት እንደሚባለው ሁሉ አያ ዋሴም የመተማን ድብድብ በቤት ከፍለውት ነበር። የአዳራሽ ቤት የሚሉት ጌትነት የሚባል የጎንደር ልጅ በቀበሌው አዳራሽ ካራቴ የሚያስተምርበትን ነው። የአሸዋ ቤት ከሱዳን በኩል፣ ከጋላባት የሚሻገረው ሥጋ ሻጭ ኢድሪስ፣ ወንዙ በሸሸበት አሸዋ ላይ ትግል የሚያሳይበት ነው። የአውድማ ቤት ደግሞ ፈንታሁን የሚባል የጎጃም የቀን ሠራተኛ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማሽላ የሚወቃበት አውድማ ላይ ዱላ የሚያስተምርበት። አዲስ የመጣ ሰው የት ልግባ ሲል ሁሉም የሚልከው ወደ አያ ዋሴ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው ሲያማክሩ ታዲያ ጀግና የነበሩ እንዳይመስላችሁ። በጎረምሳነታቸው ገዳሪፍ ላይ ትግል ገብተው አንድም ቀን ሰው ጥለው አያውቁም። ቋራ ወርደው ዱላ ተምረው ሁለት ጣታቸው ተጣሞ ቀረ። ቦክስ የሚሉትን ሞክረው የፊት ጥርሳቸውን ሰጥተው መጡ። «እኔ በሁሉም ቤት ተሸንፌአለሁ፤ ስለዚህ ሁሉንም ቤት አውቃለሁ» ይላሉ፣ ጥርሱ የወለቀበትን ቦታ እያሳዩ። «አሸናፊማ ምን ያውቃል? የራሱን ቤት ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ለሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚያቀርቡት ጥያቄ «ማንን ትፈራለህ?» የሚል ነው። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲባል ደረቱን ይነፋል፤ «ማንንም አልፈራም» ይላል። «እንግዲያ ምን ልትማር መጣህ? ሂድና ጆንያህን ተሸከም» ብለው ይመልሱታል። አንድ ቀን ሰይድ የሚባል እግረ ረጅም የወሎ ልጅ መጣ። ሲጠይቁት አንገቱን ደፍቶ «ራሴን ነው እምፈራ፣ አባቴ» አላቸው። «ስናደድ የማደርገውን አላውቅም። አገሬ ሰው ፈንክቼ ነው የመጣሁ።» አያ ዋሴ እጁን ይዘው ራሳቸው ወደ አዳራሹ ወሰዱት። ለምን ወደዚያ እንደላኩት ስጠይቃቸው «እዚያ ቤት ከመምታት በፊት እጅ መንሳት አለ። ጎንበስ ብሎ እስኪቀና ድረስ ንዴቱ ትንሽ ይበርድለታል» አሉኝ። ሰይድ ሁለት ወቅት እዚያ ተማረ። እኔ እስከማውቀው ድረስ መተማ ላይ ማንንም አልፈነከተም።

የእኔ ነገር የመጣው ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና በተጠራ በወሩ ነው። አለልኝ የሚባል የትራክተር ነጂ ነበር። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ልኮ ወንድሜ አይሆንም ብሎት ነበር። ወንድሜ ሲሄድ ሽማግሌ መላኩን ተወው። አረቄ ቤት ተቀምጦ «በወግ ካልመጣች በተሳቢ ትመጣለች» ማለቱን ሰማሁ። ተሳቢ ማለት ትራክተሩ ከኋላ የሚጎትተው፣ ጆንያና ሠራተኛ የሚጫንበት ነው። እንዲያ ተጭነው የተወሰዱ ሁለት ሴቶች አውቅ ነበርና ቀልድ አልመሰለኝም። ለቀበሌው አመለከትኩ። ሊቀመንበሩ የአለልኝ የመጠጥ ጓደኛ ነው፤ «ጓዲት፣ እንዲህ ያለው ነገር በፍቅር ይፈታል» ብሎ አሰናበተኝ።

አያ ዋሴ ይህን ሲሰሙ አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስወጣ ከኋላዬ እየተከተሉ ቤቴ ድረስ አደረሱኝ። በሳምንቱ ደጄ ላይ ቆመው እግሬን አዩና «ልጀ፣ እስከ መቼ አደርስሻለሁ? ጆንያ አይደለሽ» አሉኝ። በጣም ተቀየምኩ። ሰለቸኋቸው ማለት ነው ብዬ ማንንም ሳላማክር በማግስቱ ጌትነት አዳራሽ ገባሁ።

አዳራሹን የመረጥኩበትን ምክንያት ስናገር ዛሬም አፍራለሁ። ለአብዮቱ በዓል ጌትነት ሕዝብ በተሰበሰበበት ጡብ ደርድሮ በአንድ ምት ሰባብሮ አሳይቶ ነበር። እልልታው! ጡብ የሚሰብር እጅ የአለልኝን አንገት ምን ያደርገዋል ብዬ አሰብኩ። ጌትነት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያስተምረው። እኔን በቀሚስ እግሬን እስከ ደረቴ አንሺ ይለኛል፤ ልምምድ ላይ ደግሞ ሁለቴ ከሚያክለኝ ሰው ጋር ያቆመኛል። በሁለተኛው ሳምንት የቀኝ እጄ አንጓ አበጠና መርፌ መያዝ አቃተኝ።

አያ ዋሴ እጄን አዩ። ሄደው ከአዳራሹ ጀርባ ከተከመረው ጡብ አንድ ይዘው መጡ። በሁለት ድንጋይ መካከል አጋድመው «ምችው» አሉኝ።

«እጀ ታሟል እኮ፣ አያ ዋሴ።»

«በግራሽ ምችው።»

መታሁት። ለሁለት ተሰነጠቀ። እጄን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትክ ብዬ አየሁት። አያ ዋሴ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «አንች አይደለሽም ልጀ፣ ዋልካው ነው» አሉኝ። «የመተማ ጥቁር መሬት በበጋ ራሱን በራሱ ሲሰነጥቅ አላየሽም? እግር ያስገባ የለም? ጡቡም ከዚያው መሬት ነው። ዝም ብትይው ለገና ራሱ ይሰበራል።»

ስድስት ወር ሙሉ እግሬ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ስደናቀፍ የኖርኩ ሰው፣ ጡቡ ከዚያው ጭቃ መሠራቱን አላሰብኩትም። እኛ የደጋ ሰዎች ስለ ዋልካ ምን እናውቃለን? ጌትነት ራሱም የጎንደር ልጅ ነው፤ እጁ ብረት የሆነ መስሎት በቅን ልቡ ነበር የሚመታው። ተናድጄ ሄጄ ሰው ፊት ላዋርደው ስነሣ ግን አያ ዋሴ ቀሚሴን ያዙኝ።

«ተቀመጭ። ምን ልታተርፊ? እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚራገጠው ሰው ሁሉ አሁን አረቄ ቤት ቢሆን ይገዳደላል። ለሰይድ የሚሆን ቤት ነው፤ ላንች አይሆንም። በሰው ልክ የተሰፋ ሱሪ ለብሰሽ ብትወድቂ ጥፋቱ የሰፊው አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ነው ያችን ጥያቄያቸውን ለእኔም ያቀረቧት። አለልኝን አልኳቸው። መልሱን የሚያውቁት ነው፤ ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። እንዴት ነው የሚመጣው? ብቻውን ነው ከሰው ጋር? ከፊት ነው ከኋላ? ምንሽን ነው የሚይዘው? አንቺስ ያን ጊዜ ምን ይዘሽ ነው የምትገኝው? ለሳምንታት በድንግዝግዝ ስፈራው የኖርኩትን ነገር ቁጭ ብለው እንደ ጆንያ ስፌት ፈቱልኝ። ፍርሃቴ አልጠፋም። ግን ቁመትና ወርድ አገኘ፤ ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር። ምን ይዘሽ ትገኛለሽ ሲሉኝ «ውሃ ነዋ» አልኩ። ከጉድጓድ ውሃ የምቀዳው በሁለት ቆርቆሮ ነው። ከቋራ በኩል የሚመጡት የጉሙዝ ሴቶች እንደሚያደርጉት ትከሻዬ ላይ ዘንግ አጋድሜ፣ ቆርቆሮዎቹን ከፊትና ከኋላ አንጠልጥዬ እመጣለሁ። «አሃ፣ ዘንግ» አሉ።

ቢሆንም አውድማ ቤት ግቢ ብለው አላዘዙኝም። እንደሱ አያውቁም። መጀመሪያ ሄደሽ እይ አሉኝ፤ ሲማሩ ሳይሆን ተምረው ሲወጡ። «መምህሩንም ጎበዙንም ተያቸው። ደካማውን ፈልጊና እሱ እንዴት ሆኖ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ተመልከች።» ኢድሪስ አሸዋ ላይ ሄድኩ። ደካማው ሽማግሌ ሊሆን የደረሰ ልብስ አጣቢ ነበር፤ አምስት ጊዜ ተጥሎ፣ አሸዋውን እያራገፈ፣ ከኢድሪስ ጋር እየተሳሳቀ ወጣ። በጣም ደስ አለኝና ሮጬ መጥቼ ነገርኳቸው። «ተማም፣ ጥሩ ቤት ነው» አሉ፤ እሺ ሲሉ እንደ ሱዳኖቹ ተማም ነው የሚሉት። «ያንች አይደለም እንጅ። እዚያ መተቃቀፍ ነው። አንች የምትፈልጊው ሰውየው ሳይነካሽ እንዲቀር ነው።» ጥሩ ነገር ሁሉ የእኔ እንዳልሆነ፣ የእኔ ስላልሆነም መጥፎ እንዳልሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ። በትዳርም በሥራም ስንት ቦታ ጠቅሞኛል።

እሑድ አውድማው ዳር ተቀመጥኩ። ፈንታሁን ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ዓይኑ የሚያለቅስበት ተማሪ ነበረው፤ በደንብ አያይም። ፈንታሁን ከሌሎቹ ይልቅ ከእሱ ጋር ቆይቶ በድምፅ እየመራ ሲያስመክተው አየሁ። ልጁ ሲወጣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ እያፏጨ ሄደ። እዚህ ነው አልኩ በልቤ።

ችግሩ ፈንታሁን ሴት አላስተምርም አለ። «አገሬ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ደሞስ እጇ ይሰበርና በኋላ እኔን ሊይዙኝ ነው?» አያ ዋሴ አልተከራከሩትም። በዚያ ሳምንት ሰሊጥ እንዳይረግፍ ተብሎ የመጋዘኑ ሰው ሁሉ በዘመቻ ወደ እርሻ ወጥቶ ነበር። ሰሊጥ ታጭዶ ከታሰረ በኋላ ነዶው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይደርቃል፤ ክምሩን ሂላ ይሉታል። ሲደርቅ አፉ ይከፈታል። ታዲያ ነዶውን ሳያጋድሉ አንስቶ፣ ሸራው ድረስ ቀጥ አድርጎ ወስዶ፣ እዚያ ገልብጦ ማራገፍ ነው። የቸኮለ ሰው መንገድ ላይ ዘርቶት ይደርሳል። የፈራ ሰው ደግሞ አጥብቆ ሲይዘው በእጁ መካከል ያረግፈዋል። አያ ዋሴ ፈንታሁንን ሸራው አጠገብ አምጥተው «ነዶ ስታነሣ እያት፤ ሌላ አልልህም» አሉት።

እኔ ምኑንም አላወቅሁም። ፀሐዩ አናቴን እየበላኝ ሥራዬን ነው የምሠራ። ወደ ማታ ፈንታሁን ከኋላዬ መጣና በሄድኩበት መንገድ መሬቱን አጎንብሶ አየ። ፍሬ ፈለገ መሰለኝ። ቀና ብሎ «እሑድ ነይ» አለኝና ሄደ።

ከኅዳር እስከ የካቲት በየእሑዱ ሄድኩ። ሦስት እሑድ ሙሉ ዱላ አልሰጠኝም፤ ወደኋላ መራመድ ብቻ። «የሚማታው እግር ነው፤ ዱላማ እንጨት ነው» ይለኛል። ከዚያ መመከት፤ ከዚያ የዘንጉን ጫፍ ሰው ደረት ላይ አነጣጥሮ ርቀት መጠበቅ። መምታት ያስተማረኝ በመጨረሻ ነው፤ ያውም አንድ ምት ብቻ። አያ ዋሴ አንድም ቀን መጥተው አላዩኝም። ሰኞ ሰኞ ብቻ ጆንያ ሊያነሡ ሲመጡ እግሬን ያዩና «እህ» ይላሉ። ያቺን «እህ» ለመስማት ስል ነበር አንዳንድ እሑድ የምነሣው። የካቲት ላይ ፈንታሁን ማሽላውን ወቅቶ ሲጨርስ ወደ ጎጃም፣ ወደ እርሻው ተመለሰ።

አለልኝ የመጣው በመጋቢት ሐሩር ነው። ከጉድጓድ ሁለቱን ቆርቆሮ ሞልቼ፣ ዘንጌን ተሸክሜ ስመለስ ትራክተሩ ከነተሳቢው መጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ነው። ከመጋዘኑ ጥላ ሥር አያ ዋሴና አራት ጫኞች ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእኔ ሃያ እርምጃ ቢርቁ ነው። ሴቶቹ በሩ ላይ መርፌያቸውን እንደያዙ ቆመዋል። አየኋቸው። እንግዲህ ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ልቤ ሞላ።

«ትርንጎዬ፣ ነይ ውጭበት» አለኝ ተሳቢውን እያሳየኝ።

«መንገዴን ልቀቅ።»

ሳቀና የግራ እጄን አንጓ ያዘኝ። ያን ጊዜ ዝቅ ብዬ ዘንጉን ከትከሻዬ ሳወርድ ሁለቱም ቆርቆሮዎች መሬት ወደቁ፤ ውሃው እግራችን ሥር ተንጣለለ። እጄን ወደ አውራ ጣቱ በኩል ጠምዝዤ አወጣሁና ወደኋላ ተራመድኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የዘንጉን ጫፍ ደረቱ ላይ አነጣጠርኩ። ወደ ጥላው በዓይኔ ጥርዝ ሳይ ከጫኞቹ አንዱ ሊነሣ ሲል አያ ዋሴ የሸሚዙን ጫፍ ይዘው ቁልቁል ሲጎትቱት አየሁ። «ተቀመጥ!» ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ። ውስጤ የሆነ ነገር ብጥስ አለ። የሚመጣልኝ ሰው የለም።

አለልኝ ዘንጉን ለመያዝ እጁን ዘረጋ። ያቺን የተማርኳትን አንዲት ምት ክንዱ ላይ አሳረፍኩ። ጮኸ። በንዴት ሊዘልብኝ ሲል ውሃ የጠጣው ዋልካ ከእግሩ ሥር አዳለጠውና በጀርባው ተዘረጋ። የዘንጉን ጫፍ አንገቱ አጠገብ አቆምኩና «ተነሥተህ ሂድ» አልኩት። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። መጀመሪያ የሳቁት ሁለቱ ጓደኞቹ ናቸው፤ ከዚያ ሴቶቹ። ጀርባው በሙሉ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ትራክተሩ ላይ ወጣ፤ ክንዱን ታቅፎ በአንድ እጁ እየነዳ ሄደ። ከዚያ በኋላ መተማ ውስጥ ሰው ባየው ቁጥር «ጀርባህን አራግፍ» እያለ አላስቀምጥ አለው። ወር ሳይሞላው ወደ አብርሃ ጅራ ተዛወረ። እዚያ በሽማግሌ፣ በወግ አገባ ሲሉ ሰምቻለሁ።

እኔ ግን ያን ቀን ደስታ አላወቅኩም። ወደ አያ ዋሴ ሄድኩና ፊታቸው ቆምኩ። «አንቱስ?» አልኳቸው። «እንዲህ ነው?» ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። እግሬን አዩ። «ውሃሽ ፈሷል፤ ሌላ ቅጅ» አሉኝ።

ከሳቸው ጋር ሳልነጋገር ከረምኩ። ጆንያ ሊያነሡ ሲመጡ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ቀን «ልጀ፣ ኩርፊያሽን ጨረስሽ?» አሉኝ። «አልጨረስኩም» አልኳቸው። «ተማም። ስትጨርሽ ንገሪኝ» ብለው ጆንያቸውን ተሸክመው ሄዱ። ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። በዚያው ታረቅን፤ ስለዚያ ቀን ግን እሳቸውም አላነሡም፣ እኔም አልጠየቅኩ። ከዚያ በኋላ መተማ ውስጥ በፈለግኩበት ሰዓት ውሃ ቀድቼ፣ በፈለግኩበት መንገድ ገበያ ወጥቼ፣ ማንንም በዓይኔ ሳልፈልግ ኖሬአለሁ። ወንድሜም ቆስሎ ቢሆንም በሕይወት ተመለሰልኝ። ባል አግብቼ ወደ አዘዞ ስወጣ አያ ዋሴ እንደ አባት ቆመው መርቀው ሸኙኝ። ሁሉንም አመሰግናለሁ፤ ያቺ አንዲት ነገር ግን ልቤ ውስጥ ተሰክታ ቀረች። ሃያ እርምጃ ነበር እኮ።

ለአርባቸው መተማ ወረድኩ። ድንኳኑ ሞልቶ መግቢያ አጣሁ። ስንት ሰው ነው እዚህ ቤት ግባ ብለው የላኩት! ኢድሪስ የልጅ ልጁን ምርኩዝ አድርጎ ድንበር ተሻግሮ መጥቶ ነበር። ሰዉ ቀለል ሲል እትየ ብርቄ አጠገብ ተቀመጥኩ። አልቅሰን፣ ሥቀን፣ ስለ መላጣቸው ተከራክረን ስናበቃ፣ በሰውየው አርባ ላይ ቂም ማንሣት ነውር መሆኑን እያወቅኩ ያን ቀን ነገርኳቸው። «ለምን እንዳልተነሡ ሳልጠይቃቸው ሞቱብኝ» አልኩ።

እትየ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ያን ቀን መስሎኝ ቤት ገብቶ ግድግዳ ይዞ የተቀመጠው» አሉ። «እህል አቀረብኩ፣ እምቢ አለ። ወገቡን ቢያመው ነው ብየ ቅባት አመጣሁ። ሸሚዙን ሳወልቅለት ላብ በላብ ነው። ‘ዛሬ ደግሞ ስንት ኩንታል ብታነሣ ነው?’ አልኩት። ‘ምንም አላነሣሁም’ አለኝ። ‘ታዲያ ምን ስትሠራ ዋልክ?’ ብለው፣ ‘ተቀምጨ ነው የዋልኩ ብርቄ፤ በዕድሜየ እንዲህ የከበደኝ ሥራ የለም’ አለኝ።»